በደላላ ቤት ስትከራዩ ቅድሚያ ገንዘባችሁ እንዳይበላ፦ ከደሴ እስከ ወልዲያ የሚሠራ መመሪያ

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልልኛል። "ደላላው ስልኩን አጠፋ፣ ምን ላድርግ?" ደዋዩ አንዳንዴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ያገኘ ልጅ ነው። አንዳንዴ ወደ ደሴ የተዛወረች አስተማሪ ናት። ነገሩ ግን ያው ነው። ቤቱን አዩት፣ ወደዱት፣ "ሌላ ሰው እየጠየቀው ነው" ተባሉ፣ የሦስት ወር ብር ለደላላው ቆጥረው ሰጡ። እኔም ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በዚሁ መንገድ የሁለት ወር ኪራይ ተበልቻለሁ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ የምመክር እንዳይመስላችሁ።

ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ደላላ ቤት ያሳያል እንጂ የአከራዩ ወኪል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1741 ክፍያ የሚፈጸመው ለባለገንዘቡ ወይም እሱ እንዲቀበልለት ለፈቀደለት ሰው ነው ይላል። አከራዩ ያልወከለው ደላላ ብራችሁን ቢቀበል፣ አከራዩ "እኔ አልተቀበልኩም" ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ እንዳይሆን ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

እነዚህን ያዙ፦
- መታወቂያ ከሁለት ኮፒ ጋር። ፋይዳ ካላችሁ እሱንም።
- ካሜራው የሚሠራ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ።
- እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት።
- አብሯችሁ የሚሄድ አንድ ሰው። ኋላ ምስክር ይሆናል።

ጥሬ ብር ግን ይዛችሁ አትሂዱ። በኪሳችሁ ካለ ይወጣል። "ብሩ ባንክ ነው" ማለት ምርጥ መከላከያ ነው፣ ውሸትም አይደለም።

አንድ ስልክ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ወይም ወደ ከተማ አስተዳደሩ ጎራ በሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል ሕግ አለ። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ "አዋጁ እዚህ ከተማ ይሠራበታል ወይ? የኪራይ ውል የሚመዘግበውስ የትኛው ቢሮ ነው?" የሚሠራበት ከሆነ መብታችሁ ብዙ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራይ በመሃል እንደፈለገ ኪራይ አይጨምርም።

ደረጃ 1፦ ከደላላው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ

ቤት ከማየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ንገሩት።

1. ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ በብር ይናገር። "እንደ ልማዱ" የሚል መልስ አትቀበሉ። ልማዱ በየደላላው ይለያያል።
2. ኮሚሽኑን የምትከፍሉት ቁልፍ እጃችሁ ሲገባ ነው። አንድ ቀንም ቀድሞ አይሆንም።
3. ኪራዩን የምትከፍሉት ለአከራዩ ብቻ ነው።

ከዚያ ይህንኑ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ጻፉለት። "በተነጋገርነው መሠረት ኮሚሽን ብር ይህን ያህል፣ ቁልፍ ስቀበል" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። እሺ ብሎ ከመለሰ ማስረጃ ያዛችሁ።

ደላላው ለማሳየት ብቻ ብር ከጠየቀ? የትራንስፖርት ከሆነ ትንሽ ነገር ልትሰጡት ትችላላችሁ። "ቤቱን ላስይዝላችሁ" ብሎ ከጠየቀ ግን ሌላ ደላላ ፈልጉ። ደሴ ፒያሳ ላይ ደላላ አይጠፋም።

ደረጃ 2፦ ቤቱን እዩ፣ ጎረቤት ጠይቁ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ውሃ በየስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቁ። ቆጣሪው የጋራ ነው የግል? ደሴ ከሆነ ግድግዳው ላይ የእርጥበት ጥላ ካለ እዩ፤ የጦሳ ተራራ ጭጋግ በክረምት ያሳያችኋል። ሁሉንም ፎቶ አንሱ።

ዋናው ጎረቤት ነው። አጠገብ ያለው ሱቅ ግቡና ውሃ ግዙ። "ይህ ቤት የማን ነው?" በሉ። ባለሱቅ የሰፈሩን ሁሉ ያውቃል። "የእትዬ እንትና ነው፣ ልጇ ነው የሚያከራየው" ካላችሁ፣ ደላላው ከነገራችሁ ጋር አመሳክሩ። "እዚያ ቤት እኮ ተከራይ አለ" ካላችሁ ደግሞ ቤቱን እያከራየላችሁ ያለው ራሱ ተከራዩ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ባለቤቱን አግኙ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ባለቤቱን በአካል አግኙና ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወይም ደብተር፣ ከተቻለም የግብር ደረሰኝ። በካርታው ላይ ያለው ስምና የመታወቂያው ስም እስከ አያት አንድ መሆን አለበት። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ውሉ ላይ ይፈርሙ። ቤቱ ውርስ ከሆነ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። አንዱ ወንድም አከራይቶ ሌላው መጥቶ "ውጡ" ያለበትን ቤት አውቃለሁ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ያሳያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ነው። በዚያ ቤት ላይ ቅድሚያ ገንዘብ አትክፈሉ።

ኪራዩን ከአከራዩ አፍ ስሙ። ደላላው እዚያው እያለ "ኪራዩ በወር ስንት ነው?" በሉ። ለአከራዩ 5,000 ለእናንተ 6,000 ብሎ መሃሉን የሚያስቀር ደላላ አለ። ጥያቄው ሲቀርብ ፊቱ ይናገራል።

ወረቀት መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ትኖራላችሁ። ይገባኛል። ወሎ ውስጥ ሰው ቤት ገብተህ፣ ቡና ጀባ ተብለህ፣ አቦሉን ጠጥተህ፣ ተመርቀህ "ካርታ አሳዩኝ" ማለት ይከብዳል። ቡናውን ጠጡ፣ ምርቃቱንም ተቀበሉ። ከዚያ እንዲህ በሉ፦ "እትዬ፣ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ነገ እርስዎም እኔም ብንረሳ ወረቀቱ ያስታውሰናል።" በዚህ የተቀየመ አከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚቆጣው ብዙ ጊዜ ደላላው ነው።

*ባለቤቱ ዓረብ አገር ከሆነስ?*

እኛ አገር ይህ ተራ ነገር ነው። ቤቱን የሠራችው ልጅ ሳውዲ ናት፣ ኪራይ የሚሰበስበው አጎት ወይም ወንድም ነው። በዚህ ጊዜ እንዲህ አድርጉ።

1. ውክልና ጠይቁ። የቃል ውክልና አይሆንም። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ውክልና እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ውጭ አገር የተሠራ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ መሆኑን፣ አገር ውስጥም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም እንዳረፈበት እዩ።
2. ውክልናውን አንብቡት። "ማከራየት"፣ "ውል መፈረም" እና "ኪራይ መቀበል" የሚሉት ተጽፈዋል? "ቤቱን እንዲጠብቅልኝ" ብቻ የሚል ውክልና ኪራይ ለመቀበል አያበቃም።
3. በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ባለቤቷን በምስል አነጋግሯት። ስሟን፣ ኪራዩን፣ ገንዘቡ በማን ሂሳብ እንደሚገባ ራሷ ትንገራችሁ።
4. ብሩን በተቻለ መጠን እሷ እዚህ ባላት የባንክ ሂሳብ አስገቡ።

ውክልና ከሌለ? ወንድምየው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን ከአንድ ወር በላይ ቅድሚያ አትክፈሉ፤ ውክልናው እስኪመጣም ወር በወር ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ብሩ ምን እንደሆነ ስሙን ለዩ

አከራዮችና ደላሎች ሦስቱን ያደባልቋቸዋል። ሕጉ ግን ይለያያቸዋል።

ቀብድ ማለት ውሉን ለማጥበቅ የሚሰጥ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 2,000 ቀብድ የተቀበለ አከራይ ቤቱን ለሌላ ከሰጠ 4,000 ይመልሳል ማለት ነው። ብዙ ተከራይ ይህን አያውቅም፤ የራሱን 2,000 መልሶ ሲያገኝ ያመሰግናል።

ቅድሚያ ኪራይ ከሚመጡት ወራት ኪራይ ላይ የሚታሰብ ነው።

መያዣ ወይም ዲፖዚት ቤቱ ቢበላሽ ተብሎ የሚቀመጥ ነው። ስትወጡ ይመለሳል።

ውሉ ላይ "ብር 15,000 ተቀብያለሁ" ብቻ ከተጻፈ ስትወጡ መጨቃጨቃችሁ አይቀርም። የቱ ስንት እንደሆነ ይለይ።

ደረጃ 5፦ ውሉን ጻፉ

የቃል ስምምነት አትቀበሉ። "አብሽር፣ እኔ አለሁ" የሚል ደላላ ፊርማ አይሆንም። "ወላሂ"ም "እመቤቴን"ም ደረሰኝ አይሆኑም።

በውሉ ውስጥ እነዚህ መኖር አለባቸው፦
- የሁለቱ ወገን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ።
- ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የተከራያችሁት ክፍል ብዛት።
- የወር ኪራይ በአኃዝም በፊደልም።
- ቅድሚያው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሸፍን።
- ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍል፣ ቆጣሪው የሚነበበው ቁጥር።
- የተከፈለበት ዘመን ሳያልቅ አከራዩ ካስወጣ የቀረው ኪራይ በስንት ቀን እንደሚመለስ።
- ክፍያው የሚገባበት የሂሳብ ቁጥርና የሂሳቡ ባለቤት ስም።

ስለ ቀኑ ልጨምር። "የስድስት ወር" ብቻ አትጻፉ። "ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30" ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱን የሚሻገር ከሆነ ጳጉሜ ይከፈላል አይከፈልም የሚለውን በአንድ መስመር አስቀምጡ። ለአምስት ቀን ተብሎ የሚነሳው ጭቅጭቅ ያሳፍራል፣ ግን ይነሳል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። አንዱ ምስክር ይዛችሁት የሄዳችሁት ሰው ይሁን። ሁለተኛው ደላላው ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል። በኋላ "እኔ አላውቅም" ማለት አይችልማ።

*ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ውል*

አከራዩ ግብር ለመቀነስ "ውሉ ላይ 2,000 እንጻፍ፣ እናንተ ግን 5,000 ትከፍላላችሁ" ሊል ይችላል። እሺ አትበሉ። የስድስት ወር 30,000 ከፍላችሁ ብትጣሉ ወረቀቱ የሚያውቀው 12,000 ብቻ ነው። ቀሪውን 18,000 ማስረዳት የእናንተ ጣጣ ይሆናል። እምቢ ካለና ሌላ ቤት ከሌላችሁ፣ ቢያንስ ቅድሚያ አትክፈሉ። ወር በወር፣ በባንክ ብቻ።

ደረጃ 6፦ አሁን ክፈሉ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፊርማ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ፣ ቁልፍ። አራቱም በአንድ ቀን፣ ቢቻል በአንድ መቀመጫ።

1. የሂሳብ ቁጥሩን ከአከራዩ እጅ ተቀበሉ። ደላላው በቴክስት የላከውን አትጠቀሙ።
2. በንግድ ባንክ መተግበሪያ ወይም በቴሌብር ስትልኩ፣ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ከካርታው ስም ጋር አንድ ነው? ካልሆነ ቁሙ።
3. "ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ "የመስከረምና የጥቅምት ቅድሚያ ኪራይ" ብላችሁ ጻፉ። ባዶ አትተዉት።
4. የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሱ። በንግድ ባንክ ከሆነ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ውሉ ላይ ጻፉት።
5. ደረሰኝ አስፈርሙ።

ደረሰኙ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"እኔ ______ የመታወቂያ ቁጥር ______፣ በ______ ከተማ ______ ቀበሌ የቤት ቁጥር ______ የሆነውን ቤቴን ለ______ አከራይቻለሁ። ከ______ እስከ ______ ላለው ጊዜ ቅድሚያ ኪራይ ብር ______ (በፊደል ______) በባንክ ሂሳቤ ተቀብያለሁ። ከዚህ በተጨማሪ ለመያዣ ብር ______ ተቀብያለሁ፤ ሲለቁ እመልሳለሁ። ቀን፣ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።"

አከራዩ በዕድሜ የገፉ፣ ባንክ የማይጠቀሙ ከሆኑ? ጥሬ ብር የግድ ሲሆን በምስክሮች ፊት ቁጠሩ፣ ብሩ ከመሰጠቱ በፊት ደረሰኙ ይፈረም። መፈረም ለማይችሉ የጣት አሻራ ይደረጋል፤ ምስክሮቹም ጽሑፉ እንደተነበበላቸው ጽፈው ይፈርሙ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወይም ዓይነ ስውር ከሆኑ ግን ፊርማው ወይም አሻራው የሚያስገድዳቸው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ግን ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መሆን እንዳለበት አትርሱ። ሐጂን ይዛችሁ ባንክ ሂዱ፣ ሂሳብ ይክፈቱ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ዓመት ያሳርፋችኋል።

ቁልፍ ስትቀበሉ ያለፈው ተከራይ ኮፒ ሊኖረው እንደሚችል አስቡ። የበሩን ቁልፍ ጋን ቀይሩ። ከዚያ የደላላውን ኮሚሽን ክፈሉ፣ ለእሱም በባንክ።

ደረጃ 7፦ ውሉን አስመዝግቡ

አዋጁ የሚሠራበት ከተማ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ከአከራዩ ጋር ሂዱ። "ነገ እንሄዳለን" እያለ ካቆያችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ራሳችሁ ቢሮው ሄዳችሁ አመልክቱ። ያመለከታችሁበትን ኮፒ ማኅተም አስደርጉበት።

አዋጁ በሚሠራበት ከተማ አከራዩ ከሁለት ወር በላይ አስቀድማችሁ ካልከፈላችሁ ካለ፣ በጨዋ ቋንቋ ንገሩት፦ "ጋሼ፣ ሕጉ ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም፤ ነገ እርስዎንም እንዳያስጠይቅ።" ይህ አነጋገር "መብቴ ነው" ከሚለው የተሻለ ይሠራል። ሞክሬዋለሁ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ደላላው ብሩን ይዞ ጠፋ።* በዚያው ቀን ተንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ባንኩን ወይም ቴሌብርን አሳውቁ፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127 ደውሉ። ባንክ ከሰው ሂሳብ በራሱ ጊዜ አውጥቶ አይመልስላችሁም፤ የሂሳቡ ባለቤት ፈቃድ ወይም የሕግ ትዕዛዝ ይፈልጋል። ቢሆንም ቀድሞ ማሳወቅ ይጠቅማል። ቀጥሎ ፖሊስ። ቤቱ የሌለ ወይም የማይከራይ ከነበረ ጉዳዩ ማታለል ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692። ለአከራዩ አድርስልኝ ብላችሁ የሰጣችሁትን ከወሰደ እምነት ማጉደል ነው፣ አንቀጽ 675። ቴክስቱን፣ የባንክ ማስረጃውን፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የቴሌግራም ንግግሩን ወዲያው ፎቶ አንሱት። እሱ ከስልኩ ሲያጠፋው ከእናንተም ሊጠፋ ይችላል።

*አከራዩ ብሩን ተቀብሎ ቁልፍ ከለከለ፣ ወይም ጊዜው ሳያልቅ አስወጣ።* መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ ከመጠየቅ በፊት ማስጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። አጭር ይሁን፦ ምን እንደከፈላችሁ፣ ምን እንዳልተፈጸመ፣ እስከ መቼ እንዲፈጸም ወይም ብሩ እንዲመለስ። በምስክር ፊት ስጡ፣ ኮፒውን ያዙ።

ሽማግሌ መላክ ትችላላችሁ፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ግን ሁለት ነገር ጠብቁ። እርቁ ሲያልቅ መጠኑና ቀኑ ይጻፍ፣ ይፈረም። ሽምግልናው እየተራዘመ ወራት ከወሰደም ፍርድ ቤት ከመሄድ አያግዳችሁ። የዳኝነት ክፍያ አቅም ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ደሴ ያላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

*አከራዩ በር ቆለፈባችሁ ወይም መብራት ቆረጠባችሁ።* በሩን አትስበሩ። ፎቶ አንሱ፣ ጎረቤት አሳዩ፣ ፖሊስና ቀበሌ አሳውቁ። ከተጣላችሁ በኋላ የምትልኩትን መልእክት ሁሉ ዳኛ እንደሚያነበው አድርጋችሁ ጻፉ።

*ደረሰኝ ሳትይዙ ከፍላችኋል።* ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬውኑ ለአከራዩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ "ጋሼ፣ መስከረም 3 የሰጠሁዎት 10,000 ብር የመስከረምና የጥቅምት ኪራይ መሆኑን ለማስታወስ ነው።" "አዎ፣ ችግር የለም" ብሎ ከመለሰ የጎደለውን ወረቀት በከፊል ተካችሁ። ዝም ካለ ቀጣዩን ኪራይ በባንክ ክፈሉና ምክንያቱ ላይ "የኅዳር ኪራይ" ብላችሁ ጻፉ።

ስትለቁ

በውሉ ላይ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጠብቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። በመጨረሻው ቀን ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ቤቱን ዙሩ፣ የገባችሁ ቀን ያነሳችሁትን ፎቶ አውጡና አስተያዩ። ቆጣሪውን አንብቡ፣ የመብራትና የውሃውን ሂሳብ ዝጉ። የቀረ ቅድሚያ ኪራይ ካለና መያዣው እጃችሁ ሲገባ ቁልፉን አስረክቡ። "ቁልፍ ተረክቤያለሁ፣ ከተከራዩ የምፈልገው ነገር የለም" የሚል ወረቀት አስፈርሙና ከውሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።